የግራው ካርቶን

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሰይድን ይዣቸው ሞሃንዲሲን ሰፈር ወደሚገኝ አንድ የምርመራ ማዕከል ሄጄ ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ዐረብኛ የማይሆንላቸውን ስደተኞች ሐኪም ዘንድ አደርሳለሁ፣ ሐኪሙ ያለውን ለእነሱ፣ እነሱ ያሉትን ለሐኪሙ እተረጉማለሁ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ካይሮ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠው «ግድ የለም» ከሚባልበት «ማሌሽ» እና «በቃ» ከሚባልበት «ኸላስ» አላለፉም። ሐኪሙ ሳንባቸው ላይ ያላማረው ነገር አይቶ ምንነቱ እንዲጣራ ነው የላካቸው። አንዲት ነርስ በደም ሥራቸው መድኃኒት ሰጠቻቸውና አንድ ሰዓት ሳይናገሩ ጋደም እንዲሉ አዘዘች። ጋሽ ሰይድ ዝም በሉ ሲባሉ የበለጠ ወሬ የሚመጣባቸው ሰው ስለሆኑ እኔን ከክፍሉ አስወጣችኝ።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ጨዋታ ወዳድ ነበር። ሥራ ፈትቼ መቆሜን አይቶ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተ ያስረዳኝ ጀመር። የሰጠናቸው መድኃኒት ፖዚትሮን የሚባል ቅንጣት ይተፋል፤ ያ ቅንጣት ሰውነታቸው ውስጥ ካለ ኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ በምትካቸው ሁለት ጋማ ጨረር አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይወጣል፤ ማሽናችን እነሱን ነው የሚቆጥረው አለኝ። «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ጉልበቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ ቁጥሩም...» ብሎ ሳይጨርስ «አምስት መቶ አሥራ አንድ» አልኩት።

ዞሮ ከሻሼ እስከ ጫማዬ አየኝ። ፊዚክስ ተምረሻል ወይ ሲለኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብዬ ወሬውን ዘጋሁበት። ሰው ቤት ወለል ስወለውል የተማርኩት ነው ብዬ ብነግረው ሌላ ጥያቄ ሊያመጣብኝ ነው። እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔ ግን አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያን ጊዜ ማሰብ ያዝኩ። ስለዚያ ክረምት ለሰው አውርቼ አላውቅም።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከኮምቦልቻ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። አጎቴ ለሃይማኖት ትምህርት መጥቶ እዚሁ አስተማሪ ሆኖ የቀረ ሰው ነው፤ ያረፍኩት እሱ ዘንድ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ስላልመጣልኝ ካይሮ እማር ይሆናል ብዬ ነበር የመጣሁት። አጎቴ በሁለተኛው ሳምንት አስቀምጦ ቁርጡን ነገረኝና ሥራ ፈለገልኝ። ዛማሌክ ሰፈር ሁለት ቤት ገብቼ ከሁለቱም ወጣሁ። አንደኛዋ እመቤት ልጄን ሰደብሽ ብላ አባረረችኝ። አልሰደብኩትም፤ ልጅሽ ሰነፍ ነው ነው ያልኳት። አጎቴ በሦስተኛው ሄሊዮፖሊስ ሰፈር ወስዶ ሲያስረክበኝ መንገዱን ሙሉ የለመነኝ አንድ ነገር ነበር፤ እባክሽ አፍሽን ያዢ።

ዶክቶራ ነጅዋ ይባላሉ። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ባሕረ ሰላጤው አገር የሚሠራ ሴትዮ ናቸው። ቤታቸው በድሮዎቹ ባለ ቅስት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ጣራው ሩቅ፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚያቃስት። ዓይናቸው መሀሉ ጠፍቷል። ጠርዝ ጠርዙን ያያሉ፣ ፊት ለፊት ያለውን አያዩም። «ፊትሽን ሳይ ፊትሽ የለም፣ ጆሮሽ ብቻ ነው ያለው» አሉኝ የመጀመሪያ ቀን። ምን ተማርሽ ሲሉኝ ተፈጥሮ ሳይንስ አልኳቸው። የኤሌክትሮን ቻርጅ ምንድን ነው ሲሉ ኔጌቲቭ አልኩ። ምግብስ ትችያለሽ ሲሉ የእናንተን አልችልም፣ ሙሉኺያ የምትሉትን የቅጠል ወጥ ደግሞ ልሠራው እችላለሁ እንጂ አልበላውም፣ ንፍጥ ይመስላል አልኳቸው። አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። እሳቸው መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁና «ነገ በጧት ጓዟን ይዛ ትምጣ» አሉት።

ምግቡና ጽዳቱ ለካ ሰበብ ነው። የፈለጉት ዓይን ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ቁርስ ካነሳሁ በኋላ ከቁም ሳጥን ሁለት ወፍራም ፎልደሮች አስወረዱኝ፤ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ። ውስጣቸው ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ገጽ በገጽ፣ ዓምድ በዓምድ። ከዓመታት በፊት አውሮፓ ሄደው ከአንዲት ሳተላይት መረጃ ጋር ሠርተው ነበርና ሲመለሱ አሳትመው ያመጡት ነው። ሳተላይቷ የምትፈልገው ያንን አምስት መቶ አሥራ አንዱን ጨረር ነው። በእኛ ጋላክሲ፣ በፍኖተ ሐሊብ መሀል፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር እየተገናኘ ይጠፋል። ብርሃኑ እስከኛ ይደርሳል፤ አየራችንን አልፎ ግን መሬት አይነካም፤ ለዚህ ነው መሣሪያው ጠፈር ላይ የተሰቀለው። ፖዚትሮኑ ከየት እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም አሉኝ። «ማንም?» አልኩ። «ማንም» አሉ፤ ሲሉት ደስ እያላቸው። እኔ የማያውቀውን ነገር ሲናገር ደስ የሚለው ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። የእኛ አስተማሪዎች ሲጨንቃቸው ነበር የሚቆጡት።

ቀዩ ፎልደር ሳተላይቷ ወደ ጋላክሲው ቦታ ቦታ እየዞረች የቆጠረችው ነው። ሰማያዊው ደግሞ ፊቷን ከጋላክሲው አዙራ ባዶ ሰማይ እያየች የቆጠረችው። ባዶ ካየች ምን ትቆጥራለች ስላቸው የነገሩኝ ነገር ዛሬም ይገርመኛል። ከጠፈር የሚመጣ ቅንጣት የሳተላይቷን ብረት ሲመታው እዚያው ብረቱ ውስጥ ፖዚትሮን ይወለዳል፤ እዚያው ይጠፋል፤ የምትፈልገውን ብርሃን ራሷ ታበራለች። «ከምታየው ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ራሷ ናት፤ ከመቶ አንድ ሁለቱ ነው ሰማዩ» አሉኝ። ስለዚህ ከቀዩ ገጽ ላይ ሰማያዊውን መቀነስ ያስፈልጋል። የብረቷ ብርሃን ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀይ ገጽ በቀን የሚቀርበውን ሰማያዊ ገጽ ፈልጎ ማውጣት ግድ ነው። ይህንን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

የቀረውን በስልኬ ካልኩሌተር ቀንሼ ካካፈልኩ በኋላ የሚሄደው ወደ እንቁላል ካርቶን ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘውን ግራጫ ካርቶን ሦስቱን ጎን ለጎን ሰፋናቸው። እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ የሰማይ ቦታ ነው። መሀለኛው ካርቶን የጋላክሲው ሆድ፣ የቀኝና የግራው ክንዶቹ። ድፍን ምስር እየቆጠርኩ በየጉድጓዱ እጨምራለሁ፤ ብርሃን በበዛበት ብዙ፣ ባነሰበት ጥቂት። ዶክቶራ እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ በጣታቸው ጫፍ ያነቡታል። ኮምፒውተሩ ያነብልኛል ግን አያሳየኝም ይሉ ነበር።

ለምን እንደሚፈልጉት ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ያኔ አውሮፓ ሳሉ የግራው ክንድ ከቀኙ ይደምቃል ብለው ስብሰባ ላይ ተናግረው ነበር። ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ ሰው ሳቀባቸው። ያየሽው ሰማይ አይደለም፣ የመሣሪያው የራሱ ብርሃን ነው አላቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም አላተመላቸውም፤ አገራቸው ተመልሰው ለተማሪ ፈተና ሲያርሙ ዕድሜያቸው አለቀ። ሳይታወሩ በፊት፣ እውነት ያዩት ሰማይ ይሁን የመሣሪያው ብርሃን ይሁን፣ አንዴ ቁርጡን ማወቅ ፈልገው ነበር። ታወሩ። ከዚያ እኔ መጣሁ።

የካይሮ ክረምት አጭር ነው ግን ብርዱ ይጠብሳል። ቤቱ ማሞቂያ የለውም፤ ድንጋዩ ብርዱን ይዞ አይለቅም። ጠዋት ጠዋት ከታች የስኳር ድንች ጠባሹ ጋሪውን እየገፋ ሲያልፍ ጭሱ በመስኮት ይገባል፤ እኔ ሮጬ ሁለት ገዝቼ እመጣለሁ፤ ጣታችንን እያቃጠለን እንበላና ወደ ምስሩ እንመለሳለን። ቀኙን ካርቶን በደንብ ሠራሁት። መሀለኛውንም። ጉድጓዶቹ ሞልተው ሲተርፉ በሻይ ብርጭቆ ተካናቸው። ዶክቶራ ጨዋታ ያውቃሉ፤ አንዳንዴ ጋላክሲያችንን እንቀቅለውና እንብላው ይሉኛል። እኔም የልብሳቸው እጅጌ መቀደዱን፣ የልጃቸው ስልክ ሁልጊዜ አርብ አራት ደቂቃ ብቻ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። «አንቺ ምላስሽ ምላጭ ነው ያ ቢንቲ» ይሉና ይስቃሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። እውነት የምትናገር ሠራተኛ ከየት ተገኘች እያሉ በስልክ ለሰው ሲያወሩልኝ ሰምቻለሁ።

ግራው ካርቶን ላይ ስደርስ ሰለቸኝ። ያ ነው እውነቱ፤ ሌላ ምክንያት የለውም። አንድ ሐሙስ ሰማያዊውን ፎልደር ከመደርደሪያ ሳወርድ አምልጦኝ ወደቀና ቀለበቱ ተከፍቶ ገጹ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። የቀን ቅደም ተከተሉ ጠፋ። ከሰዓት ሌላ ሰው ቤት ከሚሠሩ ሁለት የደሴ ልጆች ጋር ዓባይ ዳር ለመሄድ ተቀጣጥረን ነበር። ገጾቹን እንዳሉ ሰብስቤ ከተትኳቸው። ከላይ የተገኘውን አንዱን ገጽ አወጣሁና ለግራው ካርቶን በሙሉ እሱን እየቀነስኩ ሞላሁት። ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ እኮ። ከመቶ አንድ ሁለት ቢለያዩ ነው። ይህንን ለራሴ ስናገር የምንፈልገው ሰማይ ራሱ ከመቶ አንድ ሁለት እንደሆነ ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክቶራ ሊያነቡት ተቀመጡ። ከቀኝ ጀመሩ። መሀሉ ላይ እንደለመዱት ቆዩ። ግራው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወደ ቀኝ ተመለሱ፤ እንደገና ወደ ግራ። አራቴ ተመላለሱ። ከዚያ «መስኮቱን ዝጊው፣ በረደኝ» አሉ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሴትዮ ሆኑ። ሰሀናቸውን መጨረስ ጀመሩ። ጠዋት ኩሽና ገብተው በር ላይ ቆመው ያንጎራጉራሉ፤ ድምፃቸው አስቀያሚ ነበር፣ ነገርኳቸውም፣ ግድ አልነበራቸውም። ያስተማሩበት ክፍል በፀደይ መጨረሻ ለጡረተኞቹ የክብር ስብሰባ አዘጋጅቶ ነበርና ዐሥር ደቂቃ ትዝታቸውን እንዲናገሩ ጠርቷቸዋል። አልሄድም ብለው ነበር። አሁን እሄዳለሁ አሉ፤ ትዝታ ሳይሆን ግራውን ክንድ ነው የምናገረው አሉ። «ስምሽንም እጠራለሁ። ሀያት ብቻ ብዬ አይደለም፣ ከነአባትሽ። ሀያት እንድሪስ። በሥራ ላይ የረዳ ሰው ይጠራል፣ ደንብ ነው።»

ስሜ ፕሮፌሰሮች ፊት። ትምህርት ቤት ስሜ የተጠራው ሳረፍድ ብቻ ነው።

ያወቅሁት ስብሰባው ዐሥር ቀን ሲቀረው ነው። ኸማሲን የሚሉት የአቧራ ነፋስ ተነስቶ ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ዋለ። መዝጊያውን ዘግተን እንኳ አቧራው ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። ዶክቶራ ተኝተዋል። ፎልደሮቹ ስብሰባው ላይ ስለሚታዩ አጽድቼ ሰማያዊውን በቀን ላስተካክለው ብዬ ተቀመጥኩ። ስደረድረው ያ ለግራው ካርቶን የተጠቀምኩበት ገጽ ከቀይ ገጾቹ በብዙ ዓመት የራቀ ሆኖ አገኘሁት፤ ቁጥሩም ከትክክለኞቹ ያነሰ ነው። ትንሽ ነው ያነሰው። ስልኬን አውጥቼ አንዱን ጉድጓድ በትክክለኛው ገጽ ደግሜ ሠራሁት። ጎደለ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አምስት ሠርቼ አምስቱም ጎደሉ፤ ከቀኙ ጋር እኩል መጡ። ያወጣሁትን ምስር መዳፌ ላይ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ወደየጉድጓዱ መለስኩት።

ለአሮጊቷ አዝኜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አዝኛለሁም፤ ማንጎራጎራቸው እንዲቆም አልፈለግሁም። ግን አብዛኛው እሱ አልነበረም። ስሜ ሲጠራ መስማት ፈልጌ ነው። ዐሥር ቀን ሙሉ ሾርባው ጨው በዝቶበታል፣ ጫማዎን ለየቅል አድርገዋል፣ የሕንፃው ዘበኛ ይሰርቅዎታል እያልኩ፣ አንዱን ነገር ብቻ ዋጥኩት። ምላጭ የተባልኩት ሴት።

የስብሰባው ዕለት ከሄሊዮፖሊስ እስከ ጊዛ በታክሲ ከተማዋን አቋርጠን ሄድን። ካርቶኖቹን በፕላስቲክ ሸፍኜ ጭኔ ላይ አጋድሜያለሁ፤ ታክሲው ጉብታ በዘለለ ቁጥር በሁለት ክንዴ አቅፋቸዋለሁ። ጃካራንዳው አብቦ መንገዱ ዳር ወይን ጠጅ ሆኗል። ነጂው ምስር ትሸጫለሽ እንዴ ሲለኝ ዶክቶራ ከኋላ «ፍኖተ ሐሊብ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት። ሰውየው አሮጊቷ ለይቶላቸዋል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ቀስ አለ።

አዳራሹ በግማሽ ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎች፣ ጥቂት ወጣቶች፣ ከኋላ ኬክና ጭማቂ የተደረደረበት ጠረጴዛ። ዶክቶራ ሃያ ደቂቃ ተናገሩ፤ ያለ ወረቀት፣ ቀጥ ብለው። ስሜን ጠሩት፤ ከነአባቴ። ሰዎች ዞረው አዩኝ። ያን ያህል የጓጓሁለት ነገር መጥቶ ያለፈው ጆሮዬ እየጮኸ ነው። ከዚያ ካርቶኖቹን እየተቀባበሉ በጣታቸው ነካኩ፤ አንዳንዱ ፈገግ ይላል።

ጥያቄ ያለው ሲባል አንድ ሰው ብቻ እጁን አወጣ። ዶክተር ሸሪፍ የዶክቶራ የድሮ ተማሪ ነው፤ አሁን በዚሁ ሥራ ላይ ያለ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው። «ዶክቶራ፣ ባዶ ሰማዩን ለየገጹ በየራሱ ቀን ነው የቀነሳችሁት?» አለ።

ዶክቶራ እኔ ወደተቀመጥኩበት ጆሯቸውን አዞሩ። «ሀያት፣ ንገሪው።»

«አዎ፣ በየራሱ ቀን ነው» አልኩ።

ዶክተር ሸሪፍ አንድ ጊዜ አየኝ። ካርቶኑን አየ። አመሰግናለሁ ብሎ ተቀመጠ። አጨበጨቡላቸው፤ ቆመው ያጨበጨቡም ነበሩ።

ኬኩ ጋ ብቻዬን አገኘኝ። በሳህን ይዞልኝ መጣ፤ ጨዋ ሰው ነው። «ማሌሽ፣ አትጨነቂ» አለኝ በዝግታ። «በአዲሶቹ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ታይቷል። ሁለቱ ክንድ እኩል ነው። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ማንም አያትመውም፣ ማንም አይጠይቅም። ደስ ብሏቸዋል፣ ይበቃል።» አዳራሹን ዞሬ አየሁት። ሽማግሌዎቹ የዶክቶራን እጅ እየተቀባበሉ ይጨብጣሉ፣ ግሩም ነው ይሏቸዋል። እሳቸው መሀላቸው ቆመው ያበራሉ። እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። መኪናው ቆመ፤ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል፤ አንዲት ልጅ በመኪኖቹ መሀል ያስሚን አበባ በክር እየሸጠች ታልፋለች። ድልድዩ መሀል ላይ ዶክቶራ «ሸሪፍ ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀኝም» አሉ።

ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስተካከልኩ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አንድ ጥያቄ ጠይቆ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም። ሥራዬን ቁም ነገር ቢለው ኖሮ እስኪመሽ ይጨቃጨቀኝ ነበር። ያ የሳቀብኝ ሰውዬ እንኳ ሰባት ጥያቄ ጠይቆኛል።» እጃቸውን ዘርግተው የእኔን እጅ ካርቶኑ ላይ አገኙት። «በየራሱ ቀን ነው የቀነስሽው?»

«አይደለም» አልኩ። «ግራውን በሙሉ በአንድ ገጽ ነው።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ዐሥር ቀን ሆነኝ።»

ለጥፊ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለቅሶም ቢሆን እችለው ነበር። እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ ላይ አነሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ታክሲው ተንቀሳቀሰ። ደረጃውን ሲወጡ ክንዴን አልያዙም፤ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።

በማግስቱ ከሥራ የምሰናበት መስሎኝ ጓዜን ጠቅልዬ ተነሳሁ። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሦስቱንም ካርቶን ባዶ አድርገውታል፤ ምስሩ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነው። «ከመጀመሪያው ገጽ» አሉኝ። «ቀኑን ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ የቀዩንም የሰማያዊውንም።» ወር ከምናምን ፈጀብን። ቀልድ የለም፤ ስኳር ድንቹም ወቅቱ አልፏል። ሲያልቅ እጃቸውን ታጠቡና አነበቡት። ቀኝ፣ መሀል፣ ግራ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኩል ነበር። «ኸላስ» አሉ። ያን ያህል ዓመት የያዙትን ነገር በዚያች ቃል አስቀመጡት።

ለዶክተር ሸሪፍ ደብዳቤ አስጻፉኝ። እያንዳንዱን ቃል አስታውሳለሁ፤ ያቀረብኩት ውጤት ስህተት ነው፤ ረዳቴ ሀያት እንድሪስ ለግራው ክንድ አንድ ባዶ ሰማይ ብቻ ተጠቅማለች፤ የእኔ ጥፋት ደግሞ መልሱን ስለወደድኩት አለማጣራቴ ነው። ስሜን በእጄ ጻፍኩት። ቆይቶ መልስ መጣና አነበብኩላቸው። ስለ ጤናቸው የጠየቀ፣ ጸሎት የበዛበት አጭር ደብዳቤ ነው። ስለ ግራው ክንድ ምንም አይልም። «አልቋል?» አሉኝ። «አልቋል» አልኳቸው። «እርግጠኛ ነሽ?»

ያቺ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ቀርታ አታውቅም። የቲማቲሙ ዋጋ ይህን ያህል ነው ስላቸው፣ የመድኃኒቱ ጊዜ አላለፈም ስላቸው፣ በሩን ቆልፌዋለሁ ስላቸው፣ ይቺኑ ይሉኛል፤ እርግጠኛ ነሽ? ተቆጥተው አይደለም። ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ነው። በጋው አልፎ የዘይቱን ወቅት ሲገባ ልጃቸው መጣ፣ ቤቱን ሸጠ፣ ይዟቸው ሄደ። ሲሰናበቱኝ ግንባሬን ሳሙኝ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በዚያ ስሄድ የሕንፃው ዘበኛ እዚያው ሰው አገር እንዳረፉ ነገረኝ። ከመሞታቸው በፊት ጨርሶ ታውረው ነበር አለ።

ጋሽ ሰይድ ሹራባቸውን እየጎተቱ ከምርመራው ክፍል ወጡ። ርቧቸዋል። የማሽኑ ልጅ ውጤቱ ሐሙስ ነው፣ ዛሬን ሕፃን እንዳያቅፉ በያቸው አለኝ። ነገርኳቸው። የማቅፈው ልጅ የት አባቱ አለኝና አሉ። ውጭ፣ ሚክሮባስ የሚሏቸው ሚኒባሶች የሚቆሙበት ጥግ፣ ጣዕሚያ የሚሉትን የባቄላ ጥብስ በዳቦ ገዝተን ቆመን በላን። ግማሹን እንዳጋመሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ሀያቴ፣ ሐሙስ ሐኪሙ የሚለው ደህና ከሆነ ንገሪኝ። ካልሆነ ግን መድኃኒት ይወስዳሉ ብሏል በይኝና ተይው። እሺ እናቴ?»

«እሱን አልችልም ጋሼ» አልኳቸው። «ያለውን ነው የምነግርዎት። እንደዚያ ከሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

የቀረውን ዳቦ በወረቀቱ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ሚክሮባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን በመስኮት በኩል ነበር የሚያዩት። እዚህ ያለው የእኛ ሰው ሀያት ልብ የላትም ይላል፤ ሰምቻለሁ። ይሆናል። ዶክቶራ ያ የማንጎራጎር ወራት ቢቀርባቸው ይሻላቸው ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ የሚሉትን ፈርቼ ነው። እኔ የማውቀው ያንን አዳራሽ ነው። ሰው ሁሉ ተስማምቶ የሚያባብለው ሰው ምን ያህል ብቻውን እንደሚቆም እዚያ አይቻለሁ፤ ከሚያባብሉት አንዷ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ሰይድ ሲወርዱ ደህና ዋይ አላሉኝም። ነገ ሐሙስ ነው። ለእኔ ይደውሉ፣ ሌላ አስተርጓሚ ይዘው ይሂዱ፣ አላውቅም። ስልኬን ከፍቼ ተቀምጫለሁ።